የሕፃናት ራስ ቅል በማን ትእዛዝ ያድጋል?

አራስ ያሳደገ ቤተሰብ ሁሉ እርግብግቢትን ያውቃል። በጨቅላው መሀል አናት ላይ ከልብ ምቱ ጋር ከፍ ዝቅ የምትል ለስላሳ ቦታ ናት። አያቶች ቅቤ ይቀቡባታል፤ እናቶች ክፉ ነገር እንዳይነካት ይሳሱላታል፤ ሐኪምም ሕፃን ሲመረምር እጁን ሳያሳርፍባት አያልፍም። ስለዚህች ክፍት ቦታና በዙሪያዋ ስላሉት አጥንቶች ሊቃውንት ከ170 ዓመት በላይ ተከራክረዋል። የሕፃን ራስ ቅል በየት በኩል እንዲሰፋ፣ ምን ቅርጽ እንዲይዝና መቼ እንዲያበቃ የሚያዘው ማን ነው? አጥንቱ ራሱ ነው ወይስ በውስጡ ያለው አንጎል?

ጥያቄው ለቤተ ሙከራ ብቻ የሚተው አይደለም። ራስ ቅል በራሱ ሥልጣን የሚያድግ ከሆነ የጭንቅላት መጠን የአጥንት ጉዳይ ብቻ ይሆናል። አንጎልን እየተከተለ የሚያድግ ከሆነ ግን የሕፃንን ጭንቅላት ዙሪያ በሜትር መለካት በዓይን የማይታየውን የአንጎል እድገት መከታተል ነው። ማስረጃዎቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ ሆኖም አጥንቱም የራሱ ድርሻ እንዳለው የሚያሳዩ ጠንካራ ግኝቶች አሉ። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም ወገን ያያል፤ ቀጥሎም ነገሩ ለወላጅና ለጤና ባለሙያ ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲወለድ ያላለቀ ሥራ

የአዋቂ ሰው ራስ ቅል 22 አጥንቶች አሉት፤ 8ቱ አንጎልን ያቅፋሉ፣ 14ቱ ፊትን ይሠራሉ። ሕፃን ሲወለድ ግን ይኸው ራስ ቅል ወደ 45 በሚጠጉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ግንባሩ ሁለት ነው፤ የታችኛው መንጋጋ ሁለት ነው፤ የራሱ ኋላ አጥንት አራት ነው። ክፍሎቹ በልጅነት ዘመን ተራ በተራ እየገጠሙ ይዋሐዳሉ። የመንጋጋው ሁለት ግማሾች በመጀመሪያው ዓመት አንድ ይሆናሉ። ግንባርን ለሁለት የሚከፍለው መስመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 9ኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል።

በጠፍጣፋዎቹ አጥንቶች መካከል የሚቀረው ቀጭን መስመር ስፌት ይባላል። አጥንቶቹ በማዕዘናቸው የሚገናኙበት ሰፋ ያለው ክፍተት ደግሞ እርግብግቢት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንዱን ቢሆንም ሕፃን ሲወለድ ስድስት እርግብግቢቶች አሉት፤ አንዱ ከግንባር በላይ፣ አንዱ ከኋላ፣ የቀሩት አራቱ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ጎን። የኋላው በ2 ወይም በ3 ወር ይዘጋል። የፊተኛው ግን ከልጅ ልጅ በጣም ይለያያል። በስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ የተደረገና በ1986 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በ3 ወራቸው እርግብግቢታቸው የተዘጋ ሕፃናት 1 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ12 ወር 38 በመቶ፣ በ24 ወር 96 በመቶ ደርሰዋል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ተዘግቶለት የራስ ልጅ እስከ 16 ወር ቢቆይ፣ ሌላው እድገቱ ደህና እስከሆነ ድረስ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ስፌት ባዶ ክፍተት አይደለም። ቀርበን ብናየው፣ በግራና በቀኝ ያሉት የአጥንት ጠርዞች ላይ አጥንት ሠሪ ሴሎች ተደርድረው እናገኛለን። በመሀል ወደ አጥንትነት ያልተለወጡ እናት ሴሎች አሉ። ከላይ የአጥንቱ ቆዳ፣ ከታች ደግሞ ዱራ የሚባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ያቅፏቸዋል። አንጎል እየሰፋ ሲሄድ ስፌቱ ይወጠራል፤ ጠርዞቹ ላይ አዲስ አጥንት ይጨመራል፤ መሀሉ ግን ሳይደርቅ ይቆያል። የልጅ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነገ ለሚረዝመው ልጅ ጠርዙን አጥፎ እንደሚያስቀምጥ፣ ስፌትም ለሚመጣው እድገት የተተወ ትርፍ ነው። ልዩነቱ ይህኛው ትርፍ ራሱ አዲስ አጥንት የሚያመርት መሆኑ ነው።

ክፍት ሆኖ መቆየቱ በምጥ ሰዓትም ይጠቅማል። ሕፃኑ በእናቱ ዳሌ ሲያልፍ አጥንቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ በጥቂቱ ይደራረባሉ፤ ጭንቅላቱም ለጊዜው ይጠብባል። ሲወለድ ሾጠጥ ብሎ የሚታየው አናት ባብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ስፌት ለሐኪምም ምልክት ይሆናል። በምጥ ምክንያት በአንድ አጥንትና በአጥንቱ ቆዳ መካከል ደም ቢቋጠር እብጠቱ ስፌቱን አይሻገርም። የራስ ቆዳ ማበጥ ብቻ ከሆነ ግን ስፌቱን አልፎ ይሄዳል። አዋላጅዋ በጣቷ ዳብሳ ሁለቱን ትለያቸዋለች።

ጣሪያው፣ መሠረቱና ፊቱ

የራስ ቅል ክፍሎች ሁሉ በአንድ መንገድ አይሠሩም። ጣሪያው፣ ማለትም ግንባሩና የአናቱ አጥንቶች፣ ከስስ ሽፋን በቀጥታ አጥንት ይሆናሉ። ሥራው የሚጀምረው ፅንሱ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው፤ በሽፋኑ መሀል የአጥንት ነጥብ ይታያል፣ ከዚያ ነጥብም በዙሪያው ሁሉ ይስፋፋል። የራስ ቅሉ መሠረት ግን መጀመሪያ ካርቲሌጅ በሚባለው ለስላሳና ተለማጭ አካል ይሠራል፤ ወደ አጥንት የሚለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ በጥልቀት የሚገኘው የመሠረቱ መጋጠሚያ እስከ ጉርምስና ድረስ እያደገ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ይዘጋል፤ በሴቶች ልጆች ቀደም ብሎ ነው።

የአጥንቶቹ ዘርም ይለያያል። በአይጥ ላይ የተደረጉ የሴል ክትትሎች እንዳሳዩት የግንባር አጥንት የሚመጣው ፊትንና ነርቮችን ከሚሠሩት ሴሎች ነው፤ ከኋላው ያሉት የአናት አጥንቶች ደግሞ የሰውነትን ጡንቻና አጥንት ከሚሠሩት። ከጆሮ ወደ ጆሮ በአናት ላይ የሚያልፈው ስፌት የሁለቱ ወገኖች ድንበር ነው። ብዙ የስፌት በሽታዎች በዚህ ድንበር ላይ መታየታቸው ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ይስባል።

ፊት ከኋላ ይመጣል። በጨቅላ ሕፃን ፊቱ ከአንጎል መያዣው ጋር ሲነጻጸር አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ በአዋቂ ሰው ወደ ግማሽ ይጠጋል። የሕፃን ዓይን ትልቅ፣ ግንባሩ ሰፊ፣ አገጩ ትንሽ የሚመስለው በዚህ ነው። ጥርስ ሲበቅል፣ ማኘክና መተንፈስ ሲጠነክር መንጋጋውና ጉንጩ ይረዝማሉ፤ በግንባር ውስጥ ያለው የአየር ክፍል በዕድሜ ከፍ ካሉ በኋላ ይሰፋል፤ ፊቱ እስከ ጉርምስና መጨረሻ እድገቱን አያቆምም። የውስጥ ጆሮ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሲወለድ የአዋቂን መጠን ይዞ ይወለዳል።

ከጆሮ ጀርባ በእጃችን የምንዳብሰው ጉብ ያለ አጥንት በጨቅላ የለም። የሚወጣው ሕፃኑ አንገቱን አቅንቶ ጡንቻው አጥንቱን መሳብ ሲጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ የፊት ነርቭ ከቆዳው ሥር ቅርብ ሆኖ ስለሚያልፍ በመሣሪያ በሚረዳ ወሊድ ጊዜ የመጎዳት አደጋ አለው። አጥንቱ የጡንቻን ጉተታ ጠብቆ መውጣቱ ራሱ ለተያዘው ክርክር አንድ ምስክር ነው፤ አጥንት ለሚሠራው ሥራ ምላሽ ይሰጣል።

ክርክሩ

ክርክሩን በግልጽ የከፈተው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሖ ነው። በ1851 ያለጊዜያቸው የተዘጉ ስፌቶች ያሉባቸውን ራስ ቅሎች መርምሮ አንድ ሕግ አወጣ። አንድ ስፌት ሲዘጋ ራስ ቅሉ ያንን ስፌት በመስቀለኛ በሚያቋርጠው አቅጣጫ መስፋቱን ያቆማል፤ የቀረውን እድገት በሌላ በኩል ያካክሳል። ለምሳሌ ከፊት ወደ ኋላ በአናት ላይ የሚሄደው ስፌት ከተዘጋ ጭንቅላቱ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል። ሕጉ ዛሬም የሕፃንን ጭንቅላት አይቶ የተዘጋውን ስፌት ለመገመት ያገለግላል። ከቪርሖ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ብዙዎች የእድገቱ ሞተር ስፌቱ ነው ብለው አመኑ።

በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኒው ዮርክ የሚሠራው ሜልቪን ሞስ ይህን አመለካከት ገለበጠው። ከአይጥ ራስ ቅል ላይ ስፌቶችን ቆርጦ ሲያወጣ የራስ ቅሉ እድገት አልተገታም። ስለዚህ ስፌት ሞተር ሊሆን አይችልም አለ። በእርሱ አስተሳሰብ አጥንት ምንጊዜም የሚያድገው በውስጡ ወይም በዙሪያው ያለው ሕያው አካል ሲጠይቀው ነው። አንጎል የራስ ቅሉን ጣሪያ ይገፋል፤ ዓይን የዓይን ጉድጓዱን ያሰፋል፤ ምላስና መተንፈሻ አፍን ይቀርጻሉ።

ሦስተኛው ድምፅ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በአሜሪካ ሊን ኦፐርማንና ባልደረቦቿ የአይጥ ፅንስን ስፌት ከሥሩ ካለው ዱራ ጋርና ያለ ዱራ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ዱራው አብሮት ያለው ስፌት ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ዱራው የተለየው ግን ተዘጋ። ስፌቱን ክፍት የሚያደርገው መወጠር ብቻ ሳይሆን ከአንጎል ሽፋን የሚላክ ኬሚካላዊ መልእክት ጭምር ነው ማለት ነው። በ1993 ደግሞ ኤምኤስኤክስ2 በሚባል ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ስፌትን ያለጊዜው እንደሚዘጋ በአንድ ቤተሰብ ላይ ታወቀ። በ1994 እና በ1995 ኤፍጂኤፍአር2 የተባለው ጂን ስፌቶች ያለጊዜያቸው የሚዘጉባቸው የክሩዞንና የአፐርት ሕመሞች መንስኤ መሆኑ ተረጋገጠ።

እነዚህ የጂን ግኝቶች ለሞስ አስተሳሰብ ገደብ አበጁለት። አፐርት ያለበት ሕፃን አንጎል ያድጋል፣ ይገፋል፤ ስፌቱ ግን የተቀበለውን መልእክት በተሳሳተ መንገድ ተርጉሞ ይዘጋል። ስለዚህ ዛሬ ያለው ግንዛቤ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። አንጎል ይገፋል፣ ዱራ መልእክቱን ያደርሳል፣ ስፌት ይፈጽማል። የትእዛዙ ምንጭ አንጎል ነው፤ ተቀባዩ ግን ትእዛዙን ላይሰማ ይችላል። በ2015 በስፌት መሀል ያሉት እናት ሴሎች ተለይተው ታወቁ፤ በ2021 ደግሞ በአሜሪካ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች ተጠቅመው ስፌቱ የተዘጋበትን አይጥ አዲስ ስፌት አበቀሉለት። ሥራው ገና ወደ ሰው አልተሻገረም፤ ቀዶ ሕክምናን ወደፊት ሊያግዝ የሚችል መንገድ ግን ነው።

ስፌት ያለጊዜው ሲዘጋ

ያለጊዜው የስፌት መዘጋት በ2,000 ወይም በ2,500 ሕፃናት አንድ ጊዜ ይታያል። ከሁሉም የሚበዛው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የአናት ስፌት መዘጋት ሲሆን ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉን ይይዛል። አብዛኞቹ ልጆች ሌላ ሕመም የለባቸውም። አፐርትን በመሰሉት ሕመሞች ግን ከራስ ቅሉ ሌላ የእጅና የእግር ጣቶች ይያያዛሉ፤ ፊቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መተንፈስና ማየት ይከብዳል። አፐርትን የሚያመጣው አዲስ የጂን ለውጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከአባት ዘር የሚመጣ ሲሆን አባት በዕድሜ በገፋ ቁጥር ዕድሉ ይጨምራል። የልጅን የአካል ጉድለት በእናት ጥፋት ለሚያሳብብ ማኅበረሰብ ይህ ሊታወቅ የሚገባው እውነት ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ከፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ቴሲዬ ጋር የተያያዘ ነው። በ1967 በሮም በተደረገ ጉባኤ ላይ የራስ ቅልን በውስጥ በኩል ከፍቶ የዓይን ጉድጓዶችንና የመሀል ፊትን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በፊት አይሞከርም የተባለ ሥራ ነበር። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በሕፃኑ የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ይመረጣል። በጥቂት ወራት ዕድሜ ከሆነ በትንሽ ቀዳዳ የተዘጋውን ስፌት ማውጣት ይቻላል፤ ከዘገየ አጥንቱን አንስቶ እንደገና መቅረጽ ይጠይቃል። በዚህ ዕድሜ አንጎሉ በፍጥነት ስለሚያድግ የተስተካከለውን አጥንት ራሱ ቅርጽ ያስይዘዋል። ከ2 ዓመት በታች ባለ ልጅ ዱራው የጎደለውን አጥንት መልሶ የማብቀል ኃይል አለው፤ በአዋቂ ይህ ኃይል የለም።

አንጎል ሲጎድል፣ ውሃ ሲበዛ

ራስ ቅል አንጎልን እንደሚከተል ከሁሉ በላይ ያሳየን መከራ ነው። በ2015 በብራዚል የዚካ ቫይረስ ሲስፋፋ በማህፀን ሳሉ አንጎላቸው የተጎዳ ብዙ ሕፃናት ተወለዱ። በከፋ ሁኔታ የተጎዱት ራስ ቅል ከግንባር በላይ ወደ ኋላ ያዘመመ፣ አጥንቶቹ የተደራረቡ፣ የራስ ቆዳው የተጨማደደ ነበር። አጥንት የመሥራት አቅማቸው አልጎደለም፤ የሚገፋው አንጎል ነበር የጎደለው። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 1 ቀን 2016 ነገሩን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብሎ አወጀ።

ተቃራኒው ሃይድሮሴፋለስ ነው። በአንጎል ውስጥ የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ይጠራቀማል፤ ስፌቶቹ ይከፈታሉ፤ እርግብግቢቱ ይወጠራል፤ ጭንቅላቱ ከልኩ በላይ ይሰፋል፤ ሕፃኑ ዓይኑን ወደ ላይ ማንሳት ተስኖት ወደ ታች ያዘቀዝቃል። በአፍሪካ ብዙው ከአራስነት ኢንፌክሽን በኋላ ይመጣል። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተለመደው ማፍሰሻ ቱቦ ፈንታ ፈሳሹን በሌላ መንገድ የሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና አዳበረ። ቱቦ ሲዘጋ ለመቀየር ወደ ሆስፒታል በቶሎ መድረስ ለማይችል የገጠር ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በዚያው ሆስፒታል 100 ሕፃናትን ያካተተና በ2017 የታተመ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለቱ ዘዴዎች ውጤት በልጆቹ አእምሮ እድገት ረገድ እንዳልተለያየ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ዛሬ እነዚህ ሐኪሞች ከሚያክሟቸው ሕፃናት ብዙዎቹ ሃይድሮሴፋለስና የህብለ ሰረሰር ክፍተት ያለባቸው ናቸው። ክፍተቱ የሚመጣው ፅንሱ 28 ቀን ሳይሞላው፣ በኋላ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ሳይዘጋ ሲቀር ነው፤ በዚያ ጊዜ እናትየዋ መፀነሷን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ቱቦው በላይኛው ጫፍ ካልተዘጋ አንጎሉ በአግባቡ አይሠራም፤ የራስ ቅሉም ጣሪያ አይሠራም። አንጎል በሌለበት ጣሪያ የለም።

በትግራይና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ወሊዶች ውስጥ ከ100 በላይ የነርቭ ቱቦ ጉድለት መዝግበዋል። የዓለም አማካይ ወደ 20 ይጠጋል። የሆስፒታል ቁጥር ከባድ ሕመም ያለባቸውን ስለሚሰበስብ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያም ሆኖ ልዩነቱ ችላ የሚባል አይደለም። መፍትሔው ደግሞ ከታወቀ ቆይቷል። በ1991 በብሪታንያ የታተመው ሰፊ ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመድገም አደጋው በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋገጠ። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ፣ ደቡብ አፍሪካ ከ2003 ጀምሮ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገድደዋል። የእኛ ፈተና የተለየ ነው። ጤፉን በሰፈር ወፍጮ አስፈጭቶ እንጀራ ለሚበላ ቤተሰብ የፋብሪካ ዱቄት ማበልጸግ ብቻውን አይደርስለትም። ስለዚህ ከጋብቻና ከእርግዝና በፊት ክኒኑን ማዳረስ ግድ ይላል።

ከውጭ የሚመጣ ግፊት

አጥንት ከውስጥ ለሚመጣው ግፊት ምላሽ እንደሚሰጥ ሁሉ ከውጭ ለሚመጣውም ይሰጣል። በፔሩ የፓራካስ ሰዎች፣ በፈረንሳይ የቱሉዝ አካባቢ ገበሬዎች፣ በኮንጎ ማንግቤቱዎች የሕፃናትን ራስ በጨርቅ ወይም በገመድ ጠምጥመው ረዘም ያለ ቅርጽ ያስይዙ ነበር። ማሰሪያው ቅርጽ ይቀይራል፤ ለአንጎል የሚያስፈልገውን ቦታ ግን በሌላ አቅጣጫ ያገኝለታል።

በዘመናችን ተመሳሳይ ግፊት ያመጣው ፍራሽ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ1992 ጤናማ ሕፃናት በጀርባቸው ወይም በጎናቸው እንዲተኙ መከረ። በዚህም ድንገተኛ የሕፃናት የእንቅልፍ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የብዙ ሕፃናት ኋላ ራስ ግን ጠፍጠፍ ማለት ጀመረ። ለዚህ የሚሸጠው ውድ የራስ ቅርጽ ማስተካከያ ቆብ በኔዘርላንድ በ84 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2014 ውጤቱ ወጣ። ቆብ ያደረጉትና ያላደረጉት ልጆች መሻሻል ከሞላ ጎደል እኩል ነበር። ስለዚህ ምክሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ ሲነቃ ሰው እየተመለከተው በሆዱ ይጫወት፤ ራሱን የሚያዞርበት ጎን ይቀያየር። በእኛ ባህል ሕፃንን ማዘልና ማቀፍ ራሱን ከፍራሽ ያሳርፈዋል። የጨቅላን ገላ በቅቤ ማሸት የቆየ ልማድ ነው፤ እርግብግቢትን በጣት መጫን ወይም ራስን ለመቅረጽ ብሎ መጠምጠም ግን አያስፈልግም።

የሰላም ራስ ቅል

የልጅነት ራስ ቅል ታሪክ ኢትዮጵያን ሳይጠቅስ ሊጻፍ አይችልም። በ2000 መጨረሻ በአፋር ዲኪካ የተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን ቅሪት አገኘ። ስሟ ሰላም ተባለ። አሸዋማውን ድንጋይ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እያነሱ ፊቷን ለማጋለጥ ዓመታት ፈጀባቸው፤ ውጤቱ በ2006 ታተመ። በ2020 ደግሞ በፊሊፕ ጉንዝ የተመራ ቡድን በኃይለኛ ራጅ ጥርሷንና የራስ ቅሏን ውስጠኛ ገጽ መረመረ። ስትሞት የ2 ዓመት ከ4 ወር ገደማ ልጅ እንደነበረች ከጥርሷ የእድገት መስመሮች ታወቀ። አንጎሏ በአወቃቀሩ የዝንጀሮዎችን ይመስላል፤ እድገቱ ግን ከቺምፓንዚ ረዘም ባለ ጊዜ የሚካሄድ ነበር። ረጅም ልጅነት ትልቅ አንጎል ከመምጣቱ በፊት ጀምሯል ማለት ነው።

በጥንቶቹ ሕፃናት ስፌቱ መቼ ይዘጋ እንደነበር ግን ክርክሩ ገና ነው። በደቡብ አፍሪካ በተገኘው፣ የታውንግ ሕፃን በሚባለው የጥንት ቅሪት ግንባር ላይ ያልተዘጋ ስፌት አለ ብለው ዲን ፎክና ባልደረቦቿ በ2012 ጻፉ፤ በ2014 ሌሎች በአዲስ ራጅ ምልክቱ የለም ብለው ተከራከሩ። የሰው ልጅ ገና ሳይበስል የሚወለደውም ለምን እንደሆነ ሁለት አስተሳሰብ አለ። አንዱ በ1960 የተነሳው ሲሆን ጠባብ ዳሌና ትልቅ ጭንቅላት ስለተጋጩ ነው ይላል። ሌላው፣ በ2012 በሆሊ ደንስወርዝና ባልደረቦቿ የቀረበው፣ እናት ከዚያ በላይ ለፅንሱ የምትሰጠው ጉልበት ስለሌላት ነው ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት አለ፤ የሰው ልጅ ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂውን 30 በመቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው እድገት የሚካሄደው ውጭ፣ በእናት ጀርባና በቤተሰብ መሀል ነው። በአፋር ሄርቶ የተገኘውና 160,000 ዓመት ገደማ የሆነው የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ራስ ቅልም የዚህ ረጅም ልጅነት ምስክር ነው።

ሜትሩ የሚነግረን

እስካሁን ያየነውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርደው አንድ ተራ የልኬት ሜትር ነው። ሜትሩ የማይለጠጥ መሆን አለበት፤ ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ በኋላ በጣም ወጣ ባለው ቦታ ላይ ይዞራል፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ይያዛል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ወንድ ሲወለድ መካከለኛው ልክ 34.5 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በ1 ዓመት 46.1፣ በ2 ዓመት 48.3። ሴት ስትወለድ 33.9፣ በ1 ዓመት 44.9፣ በ2 ዓመት 47.2። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በወር ወደ 2 ሳንቲ ሜትር፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ወደ 1፣ ከዚያ እስከ ዓመት ድረስ ወደ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ከአንድ ልኬት ይልቅ ተከታታይ ልኬቶች ብዙ ይናገራሉ። መስመሩን ጥሎ ወደ ላይ የሚወጣ ጭንቅላት ውሃ መጠራቀሙን፣ ወደ ታች የሚወርድ ደግሞ የአንጎል እድገት መዘግየቱን ሊያመለክት ይችላል።

እርግብግቢትም ትናገራለች። ሕፃኑ ሳያለቅስ ብትወጠርና ብታብጥ፣ ትኩሳትና ማስመለስ ካለ፣ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም። ተቅማጥ ላይ ብትሰረጉድ ሰውነቱ ፈሳሽ አልቆበታል። ሳትዘጋ ብትዘገይ፣ ግንባሩ ወጣ ብሎ የራሱ አጥንት ሲጫኑት የሚለሰልስ ከሆነ አጥንትን የሚያለሰልሰው የሪኬትስ ሕመም ይጠረጠራል። ፀሐይ በሞላበት አገር ሪኬትስ ብርቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በሉሉ ሙሄ የተመራና በ1997 የታተመ ጥናት ሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 42 በመቶ ሪኬትስ እንደነበረባቸው፣ ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ግን 4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳየ። ሕፃኑን በብርድና በቡዳ ፍራቻ ሸፋፍኖ ቤት ማስቀመጥ ከፀሐይ የሚገኘውን ቫይታሚን ዲ ያስቀርበታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ደግሞ የክረምቱ ፀሐይ ለጥቁር ቆዳ ስለማይበቃ፣ ጡት ለሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ከሐኪማቸው ሊጠይቁ ይገባል።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ የሕፃን ራስ ቅል በአንጎል ትእዛዝ ያድጋል፤ አጥንቱ ደግሞ ትእዛዙን በታማኝነት ወይም በስህተት ይፈጽማል። ይህን ካወቅን የጭንቅላት ዙሪያ እንደ ክብደትና እንደ ክንድ ዙሪያ በየቀጠሮው ሊለካ፣ በልጁ የጤና ካርድ ላይም ሊሰፍር ይገባል። ልጅዎን ለክትባት ሲወስዱ ራሱም እንዲለካ ይጠይቁ። ለመፀነስ የምታስብ ሴት ፎሊክ አሲድ አስቀድማ ትጀምር። የሕፃን ጭንቅላት ከእኩዮቹ ልክ በግልጽ ሲያንስ ወይም ሲበልጥ፣ ቅርጹ ሲጣመም፣ እርግብግቢቱ ሲወጠር፣ ሲያድግ ይስተካከላል ብላችሁ አታቆዩት። የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ የሚደረግ ሕክምና ከዘገየው ይበልጣል።